የደቦው አጎበር በዱባ ላይ

ማናንግ ዶሚንጋ፣ ታላቅ እህቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ድንጋዩ ደርቋል። ዛሬስ ጭጋጉ በጊዜ ተገፈፈ፤ ተራራችን ቤንጌት እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ስኳር ድንቹ ትኩስ ነው፣ ይብሉ። ጉልበትዎ ተሻለዎት? ተመስገን።

የኔ ጥቅል ጎመንማ? ደህና ነው። ቅጠል የለውም እንጂ ግንዱ ጥሩ ነው። ነጩ ቢራቢሮ እንቁላሉን ጣለበት፣ አባጨጓሬው ደግሞ እንደ ተጠራ እንግዳ በልቶ ጨረሰው። ዘንድሮ ወደ ገበያ የማወርደው እሱን ብቻ ነበር... ይሁና።

አጎበሩ? ያ ሁላችን ከየአልጋችን አውርደን አንድ ላይ የሰፋነው? ችግኝ ያፈላ ሁሉ በተራው ያልብሰው የተባባልንበት? እሱማ በጥሩ እጅ ነው ያለው! ተራው የኔ ነበር፤ ግን አንዳንድ ሰው አንዴ ከያዘ አጥብቆ ነው። መታደል እኮ ነው። ሄጄ ያቺን ጎረቤቴን ስጠይቃት በማር አንደበቷ "ነገ" አለችኝ። በነጋታውም "ነገ" አለችኝ። ቃሏን የማትለውጥ ሴት... ዘንድሮ ከየት ይገኛል?

ድምፄን ከፍ አደረግሁ እንዴ? ለጆሮዎ ብዬ ነው። ከካቡ ማዶ ጎንበስ ብሎ የሚያርም ሰው ይኑር አይኑር እኔ በምን አውቄ...

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? የኛ ድር አብሮ አብሮ ይኸው ዱባ አሰረ። አዎ፣ ዱባ! የራሷ ጎመን ሲደርስላት ዱባዋን አለበሰችው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ማነው? ቢያዩት ሙሽራ ነው የሚመስለው። ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል፣ አበባው ቢጫ በቢጫ። ትል አልነካው፣ ዝንብ አልነካው... ንብም አልነካው።

ፍሬ? ውይ ማናንግ፣ ፍሬ ምን ያደርጋል? ፍሬ ያለው ሰው ጎረቤት ይለምነዋል። አበባውን ሾርባ ውስጥ ትጨምረዋለች፣ ይጣፍጣል። ንብ ካልገባበት ዱባ አያፈራም ብለን ልንነግራት አስበን ነበር፤ ግን ሁሉን የምታውቅን ሴት ማስተማር ነውር አይደል? እኔማ ዝም ብያለሁ። ሰው ማማት እንደማልወድ እርስዎ ያውቃሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደቦው በእርስዎ እርከን ላይ ነው አይደል? ሁላችንም እንመጣለን። እሷን ግን ማንም እንዳይጠራት ተባብለናል... እንዳትደክምብን ብለን ነው። የሷ ቁፋሮ ሲደርስም እንደዚሁ፣ መሀል ገብተን አናስቸግራትም።

ብቻ እግዜር ይባርካት። ጤናውን፣ ጉልበቱን ይስጣት። የሰው እጅ ሳያሻት፣ የሰው እግር ደጇን ሳይረግጥባት፣ ብቻዋን ቆፍራ፣ ብቻዋን ዘርታ፣ የለቀመችውንም ብቻዋን በልታ እስከ እርጅናዋ ትኑርልን።

አሜን ይበሉ እንጂ ማናንግ... ትንሽ ጮክ ብለው።