ስለ ባላምባራስ ነጋ ፈረስ ጭራ መቆረጥ

ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ፣ ጥር 18 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል
የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ስሜነሽ ምህረቴ
ዕድሜ፦ 48
አድራሻ፦ ዳንግላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ
ሥራ፦ ባለ ሆቴል
ቃል ተቀባይ፦ አሥር አለቃ ደጉ አየነው

ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የምሰጠው ቃል እንዲህ ነው። ትናንት የባላምባራስ ነጋን አምባላይ ፈረስ ጭራ ቆርጠሃል ተብሎ የታሰረው የጥርባ አገር ሰው አቶ ክንዴ አበረ አልቆረጠም። የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የተነሳው ከሆቴሌ የውሃ ሽንት ቤት ነው። በጣሊያን ጊዜ የተተከለው መቀመጫ ስለተሰነጠቀ አዲስ ከባሕር ዳር በጭነት መኪና አስመጣሁ። የቧንቧ ሠራተኛ ግን ከሳምንት በፊት አይደርስም ተባልሁ። እኔ ሳምንት የምጠብቅ ሴት አይደለሁም። ድሮ ጣሊያኑ ሲገጥም እያቀበልሁ አይቼዋለሁና ትናንት ከጠዋት ጀምሬ አሮጌውን ነቀልሁ። አዲሱ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር አራት ጣት ያህል አልገጥም አለ፤ ወለሉን ፈልፍዬ በሲሚንቶ አስተካከልሁት። ክፉው ከግድግዳው የሚወጣው ቧንቧ ነበር። የሚጠመዘዝበት ጥርሱ አርጅቶ ኖሮ ባጠበቅሁት ቁጥር ያፈሳል። ቃጫ ጠቀለልሁበት፣ አፈሰሰ። ደግሜ ሳጠብቅ መፍቻው አመለጠና ቀኝ አውራ ጣቴን ቀጠቀጠኝ። ውሃው የሚወርድበት በርሜል መዝጊያም ዝጎ አልዘጋም አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃው ባላምባራስ ያረፉበትን ክፍል የጭቃ ግድግዳ አርሶት ማበጥ ጀመረ።

እናቴ ወንፊት ሠሪ ነበረች። ወንፊት የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ ውሃ አያበሰብሰውም። በዚያ ሰዓት ባላምባራስም ባለጋራቸው አቶ ክንዴም ለወሰን ክርክራቸው ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ፈረሱ ግቢዬ ታስሯል። በቃጫው ፈንታ እንዲሆነኝ ከጭራው ውስጥ በኩል ጥቂት ልውሰድ ብዬ መቀሱን በዚያ በታመመ እጄ ስይዝ ፈረሱ ተወራጨ፤ ግማሹ ጭራ እጄ ላይ ቀረ። በሰም ለውሼ በቧንቧው ጥርስ ላይ ጠቀለልሁትና አጠበቅሁት። ፍሳሹ ቆመ። ደስ አለኝ። ስለ ፈረሱ ያሰብሁት በኋላ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባላምባራስ ተመለሱ። ፈረሱ ከአምስት ቀን በኋላ ለጊዮርጊስ በዓል ቆሰበር ከተማ ሊጋልቡት ያሰናዱት ነው። ጭራውን እንዳዩ ከክፍላቸው ጠመንጃቸውን አወጡ። ባለጋራ የፈረስ ጭራ ቆረጠ ማለት ባለቤቱን በሰው ፊት አዋረደ ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። አቶ ክንዴም ነገሩን ሳያውቅ ሻይ ሊጠጣ ከኋላቸው ገባ። ፖሊስ መሐል ባይገባ ደም ይፈስ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ ሲወስዱት አየሁ። የተረፈው ጭራ መቀነቴ ውስጥ ነበር። ፈራሁና ዝም አልሁ።

ዛሬ ጠዋት ለክርክሩ አብራው የመጣችው ሚስቱ ወ/ሮ ወርቅነሽ ሆቴሌ ድረስ መጣች። “እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሸሸን። እርስዎ ደግ ነዎት፤ ምሳ እንኳ ያድርሱለት” ብላ እጄን ሳመች። የሳመችው ያንኑ ጭራ የቆረጠውን እጅ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። ምሳውን ይዤ ስመጣ የባላምባራስ ሁለት ወንድሞች ታጥቀው ከጣቢያው ማዶ ተቀምጠዋል። ክንዴ በዋስ ሲወጣ ሊገድሉት እየጠበቁ ነው።

የተረፈውን ጭራ ለአሥር አለቃ አስረክቤአለሁ። የቀረው ቧንቧው ላይ ነው፤ ሰሙ ቢፋቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ቧንቧው መፈታት አለበት ከተባለም ይፈታ፣ ግድግዳው ይውደቅ። ባላምባራስና ወንድሞቻቸው ተጠርተው ይህ ቃል ይነበብላቸው፤ ክንዴ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ሽማግሌ ተቀምጦ እስኪያስታርቀን ድረስ እኔ በእሱ ቦታ ልግባ። ያመጣሁለት ምሳ በሩ ላይ ነው። እሱ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ይበላል፤ ያ ምሳ ለእኔ ይሁን።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የተጨመረበትም የጎደለበትም የለም። ሐሰት ቢገኝበት ሕግ ይጠይቀኝ።

የምስክር አሻራ (ቀኝ አውራ ጣታቸው ስለቆሰለ በግራው)፦ ወ/ሮ ስሜነሽ ምህረቴ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ አሥር አለቃ ደጉ አየነው