ያልቆሸሸው የጠረጴዛ ልብስ

ዴሊንዳ፣ እስቲ ጠጋ በይልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የኔማ ከዝናቡ ጋር ተማክሮ ነው የሚነሳብኝ። ምግብ ቤትሽ ዛሬ ሞልቷል፤ ደስ ይላል። ሰርዲኑም ዘንድሮ ሰብቷል። የበቆሎ ዳቦውን አቀብይኝማ… ተመስገን፣ አዲሱን ወይን ለምንቀምስበት ለቅዱስ ማርቲን ቀን ደረስን።

እኔ ግን በርሜሌን አልከፈትኩም። ምን አስቸኮለኝ? በኛ ቤት ከአዲሱ ወይን የመጀመሪያውን ጎድጓዳ ሳህን የሚጠጣው እዚያው ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ታውቂ የለ? ነጩን ጎድጓዳ ስወለውል፣ በር በሩን ሳይ አረፈድኩና «ኤርሜሊንዳ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኩት ራሴን። ይኸው ሰርዲን ልበላ መጣሁ። አሮጊት ሥራ ስታጣ!

ድምፄ ጮኸ እንዴ? ማዶ ጠረጴዛ ያሉት ከውጭ አገር የመጡ ወይን ገዢዎች ናቸው አሉ። አብረዋቸው የተቀመጡትን ሰውዬ አየሻቸው? እንዴት ያምራሉ! ሸሚዛቸው ነጭ፣ ጥርሳቸው ነጭ፣ በዚያ ቀጭን ብርጭቆ የያዙት ወይንም ነጭ። ለጋ ስለሆነ «አረንጓዴ» የምንለውን የኛን ወይን፣ ነጭም ቀይም እያለው፣ ዓለም የሚያውቀው በነጩ ነው፤ የተማሩ ሰው ናቸውና ይህን አይስቱም። ቀዩን ማን ያውቀዋል? እኔና አንቺ። ደግሞስ ምኑ ይታወቃል? ጎድጓዳ የሚያቀልም፣ ምላስ የሚያጠቁር ነገር። ጥርሴን እዪውማ። ፎቶ ሲያነሱኝ አፌን የምገጥመው ከጨዋነት ይመስልሻል?

ቅድም እንግዶቹ ስለ ቀዩ ሲጠይቋቸው የመለሱትን ሰማሽ? «እሱ የገበሬ ነው፤ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው… ሰው ጥርስ ሲያወጣ የበላውን ከየት ያስታውሳል? ጥፋቱ የኔ የሞኟ ነው። እናቱ የሞተችበትን አንድ ሕፃን፣ ዳቦ በቀይ ወይንና በስኳር እያራስኩ ሳጎርስ፣ እሱም ቀሚሴ ላይ ሲተፋው… ትንሽ አርቆ ማሰብ ቢኖረኝ ኖሮ በነጭ አላርሰውም ነበር? አፉ ዙሪያ ቀልሞ ትምህርት ቤት ሲሄድ አስተማሪዋ አስጠርታ ተቆጣችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት መሰለሽ? «ያጠነክረዋል ብዬ ነው።» እውነትም ጠነከረ… እስከ ልቡ።

ሰኞ ደግሞ ቡልዶዘር ይመጣል አሉ። የቀዩ ተክል ተነቅሎ ነጩ ይተከላል። መሬቱ የእናቱ… ይቅርታ፣ የእናታቸው ድርሻ ነው፤ መብታቸው ነው። እኔ ምን አገባኝ? ዕድሜዬን ሙሉ መሰላል ተሸክሜ እዚያ ዛፍ ላይ በሚወጣው የወይን ሐረግ ስንጠላጠል የኖርኩት ለገዛ ጤናዬ ነበር፤ ሐኪሞቹስ ተንቀሳቀሱ ይሉ የለ? እንዲያውም ተገላገልኩ። ከእንግዲህ እንደ ሰው መሬት ላይ ቆሜ መዋል ነው።

በርሜሉን ግን ምን ላድርገው? የመጨረሻዬ ሆነ እኮ። ብቻዬን እንዳልጠጣው አይወርድልኝም። እኔ ጅሏ፣ አንዲት ጎድጓዳ ብቻ፣ ቆሞም ቢሆን፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ቢጠጣልኝ ብዬ… ተይው። ሸሚዝ ያበላሻል።

ሊሄዱ ተነሱ መሰለኝ። ወደዚህ አያዩም፤ ቸኩለው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? አልጠራቸውም፤ በዚህ ጥርሴ ሰው ፊት ላዋርዳቸው? ከዚሁ ከተቀመጥኩበት ልመርቃቸው። እግዜር ይባርካቸው። ነጩ ወይናቸው ባሕር ይሻገርላቸው። ቤታቸው ሰፊ፣ ጠረጴዛቸው ረጅም ይሁን። የጠረጴዛ ልብሳቸውም ሸብተው እስኪያረጁ ድረስ እንደ ዛሬው ሸሚዛቸው ነጭ ሆኖ ይኑርላቸው… አንድም የሕፃን እጅ አያቆሽሽባቸው።