ለኬኩማ አታስቢ

ውይ ኦርቴንሲያ፣ የወረቀት አበባሽ እንዴት ያምራል እቴ! ሮዝና ነጭ... ዝናቡም አቆመ፤ ቅዳሜ ለልጅሽ ለሲትላሊ አሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ግቢው ደረቅ ይሆንላችኋል። እስቲ ያንን መቀስ አቀብይኝ።

ቀሚሱን የክርስትና እናቷ፣ ሙዚቀኞቹን አጎቷ ችለውላታል አሉ። ኬኩንስ?... እሷ? እሷ ራሷ «በታላቅ ደስታ፣ የኔ ንግሥት፣ ይኼማ ለኔ ክብር ነው» አለችሽ? ኪኪኪ... ይቅርታ፣ የአበባው ሽቦ ኮርኩሮኝ ነው።

አቤት ጨዋነት! በመላው አትሊስኮ እንደሷ ትሁት ይገኛል? እምቢ የሚባል ቃል ከአፏ ወጥቶ ያውቃል? ሰው ማስቀየም አትችልም እኮ፣ አንጀቷ አይችልም። የኔዋ ኢትሴል አሥራ አምስት ሲሞላትም እንዲሁ ነበር፤ እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ለኬኩማ አታስቢ፣ አበልጄ» አለችኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? የሷም አፋፍ ወጣ... እዚያው ቀረ እንጂ።

መምጣቱንማ መጣች! ሐር ለብሳ፣ እጇን እያወዛወዘች። ባዶ እጅ ለማቀፍ ይመቻል መቼም። ሁላችንንም አንድ በአንድ ሳመችን፤ ከሞሌ ወጡ ሁለት ሳህን በልታ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ከፍትፍቱ ፊቱ አይደል? ፊቱን እኛ ጠገብን... ፍትፍቱን እሷ። ሙዚቀኞቹ የኬክ መቁረጫውን ዜማ ሲጀምሩ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሻማውን ሀብሐብ ላይ ሰካሁት! ልጄ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሀብሐብ ቆረጠች፣ ያውም ጭማቂው ነጭ ቀሚሷ ላይ እየተንጠባጠበ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ኢትሴልዬ ግን ከሙዚቀኞቹ መኪና ጀርባ ሄዳ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ያኔ አንጀቴ እርር አለ። እሷዬ ደሞ ደርሳ አቀፈቻት፤ «ምን ያማረ ሐሳብ ነው የኔ ቆንጆ፣ ኬክ እኮ ያወፍራል!»

ኧረ እኔ ምን አገባኝ! ስሟን አንስቼ ኃጢአት አልገባም። አንቺ ብቻ... እንቁላል ቤት ውስጥ አለሽ? ምድጃሽስ ይሠራል? እንዲያው ለጨዋታ ነው የጠየቅኩሽ።

እሷንማ እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣት። ሰማይ ቤት ስትደርስም ቅዱስ ጴጥሮስ እንደሷው ትሁት ይሁንላት፤ ደጅ ድረስ ወጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «እመቤቴ፣ ቤትሽ እኮ ነው!» ይበላት... «ቁልፉን ላምጣ» ብሎም ይግባ። አሜን በይ እንጂ፤ ምን ያስቅሻል?