ከመጥረጊያው መኪና ፊት የወጡት ሰው

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ማይሊስ ላቡርዴት
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የብስክሌት እንግዶች መሪ
አድራሻ፦ አርዜል መንደር፣ ፒሬኔ ተራሮች፣ ፈረንሳይ
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐምሌ 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአርዜል ፖሊስ ጣቢያ
ጉዳዩ፦ የቤልጅየም ዜጋ የሆኑት ዮስት ፈርሃጌ፣ ዕድሜ 61፣ በአርዜል ዳገት ላይ ስለመሞታቸው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር፣ ታላቁን የሐምሌ የብስክሌት ውድድር ተከትለው የሚጓዙ እንግዶችን የምመራ ነኝ። እንግዶቼ ተወዳዳሪዎቹ በሚያልፉበት መንገድ ጠዋት በራሳቸው ብስክሌት ይወጣሉ፣ ከሰዓት መንገድ ዳር ቆመው ውድድሩን ያያሉ፣ ማታ እግራቸውን እያሹ ማን ማንን እንደቀደመ ይከራከራሉ። ሟችን የማውቃቸው በዚሁ ሥራ ነው። ለአራተኛ ጊዜ የመጡ እንግዳዬ ነበሩ፤ ዘንድሮ ሊቨ የምትባል ልጃቸውን ይዘው መጡ።

ሟች የልብ ሕመም እንዳለባቸው አውቅ ነበር። በመጡ ማግስት እራት ላይ ለብቻዬ ነግረውኛል፣ ልጃቸው እንዳትሰማም ለምነውኛል። ሐኪም ዳገት ከልክሏቸዋል። ስለዚህ ሜዳውን ሊጋልቡ፣ ዳገት ሲሆን ደግሞ ከነብስክሌታቸው በመኪናዬ ልወስዳቸው ተስማማን። ለልጃቸው ጉልበታቸውን እንዳመማቸው ነገርናት። ስምምነቱ ግን አንጀታቸውን ያሳርረው ነበር። ሐምሌ 13 ቀን ጠዋት ብስክሌታቸውን ስጭን "ማይሊስ፣ ዛሬም እንደ ሻንጣ ልትወስጂኝ ነው?" አሉኝ። "ሻንጣ አይነጫነጭም" አልኳቸው። ሳቁ።

በዕለቱ የለበሱት ከማሊያው እስከ ዝናብ ልብሱ የአንድ ታዋቂ ቡድን ሙሉ ልብስ ነበር። ይህ የእንግዶች ሁሉ ልማድ ነው፤ የሻምፒዮን ማሊያ ሳይገዛ የሚመጣ አላየሁም። አብዛኛውን ቦርጩ ያሳብቅበታል። ሟች ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚጋልቡ፣ ቀጭን ሰው ነበሩ።

ከተራራው ጫፍ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ባለው ኩርባ ላይ መኪናዬን አቁሜ የሟችንና የእኔን ብስክሌት አወረድን። ልጃቸውና ሌሎቹ እንግዶች ቀደም ብለው ወደ ጫፉ ወጥተው ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፣ ጉሙም ወረደ። መሪዎቹ አለፉ፣ ከዚያ ዋናው ጭፍራ፣ ቀጥሎ የደከማቸው ተሰባስበው አለፉ። ከሁሉም ኋላ መጥረጊያ የምንለው መኪና ይመጣል። ከመጨረሻው ተወዳዳሪ ኋላ እየሄደ ያቋረጡትን የሚያነሳ ነው፤ እሱ ሳያልፍ መንገድ ላይ መግባት ክልክል ነው። ያን ቀን ከታች አንድ ያቋረጠ ተወዳዳሪ ሊያነሳ ቆሞ ዘገየ። መብራቱ በጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል ሟች ብስክሌታቸው ላይ ወጥተው ከፊቱ ገቡ። እኔ ከኩርባው ትንሽ ከፍ ብዬ ቆሜ ነበር፤ በአጠገቤ አለፉ።

ከመጥረጊያው ፊት ለብቻው የሚወጣ ሰው ማለት የውድድሩ የመጨረሻ ሰው ነው። በእኛ ተራራ ደግሞ ከአንደኛው ይልቅ ለመጨረሻው ነው የሚጮኸው። የተወዳዳሪዎቹ ቁጥር በዝናብ ልብስ ስለተሸፈነ፣ የሟች ቁጥር አለመኖሩን ማንም አላስተዋለም። ሰዉ የቡድኑን ልብስና ከኋላ ያለውን መኪና አየ፣ በቃ። ሹፌሩ ከመንገድ ውጡ ለማለት ጥሩምባ ሲነፋ ሰዉ ለማበረታታት የነፋ መሰለውና ጩኸቱ ባሰ። እኔም ብስክሌቴን አንስቼ በመኪናው ጎን ተከተልኳቸው።

ሟች ጫፉ ላይ ሊደርሱ ሲሉ፣ ዳገቱ በጣም በሚብስበት ቦታ፣ ራሙንቾ ሐሪስፕ ከሕዝቡ መሃል ወጣ። አይብ ሠሪ ነው፣ ጎረቤቴም ነው። በግጦሽ ድንበር ከተጣላን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታችንን እናዞራለን። ልዋሽለት የምፈልገው ሰው አይደለም። እጁን ከወገባቸው ላይ አድርጎ እየሮጠ ገፋቸው። "አይዞህ የኔ ጀግና! ደረስክ እኮ! አለሁልህ!" ይላል። ሟች ዞር ብለው "ግፋ! ጠንከር አድርገህ ግፋ!" አሉት። ቅርብ ስለነበርኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሐሪስፕ ትንፋሽ ሲያጥረው ለቀቃቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሟች በራሳቸው እግር ጋልበው በጫፉ የተሰመረውን መስመር አለፉ። ፍሬን ያዙ፣ አንድ እግራቸውን መሬት አሳረፉ፣ ብስክሌቱን ሣሩ ላይ ቀስ አድርገው አጋደሙና አጠገቡ ተቀመጡ። ተገፍትሮ የሚወድቅ ሰው ብስክሌቱን አያስተኛም። ሊቨ ያየችው አንድ ግዙፍ ሰው በጉሙ ውስጥ አባቷን ከጀርባ ሲገፋ ነው፤ ወዲያው ሰዉ ከበባቸው። ጥሳ ስትገባ አባቷ መሬት ላይ ነበሩ። አባቴን ገፍቶ ጣለው ብላ ለፖሊስ የተናገረችው ስለዚህ ነው። አልዋሸችም፤ ያየችው ያንኑ ነው።

ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። "ስንተኛ ወጣሁ?" አሉኝ። "መጨረሻ ነዎት" አልኳቸው። "ታዲያ ይህ ሁሉ ሰው እኔን ነበራ የሚጠብቀው" አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ሐሪስፕ ሄልሜታቸውን ሲያወልቅ ሽበታቸውን አየና "እንዴ! ሽማግሌ ናቸው እኮ!" አለ። ደረታቸውን መጫን የጀመረው እሱ ነው፤ ሐኪሞቹ ደርሰው እስኪያስነሱት ድረስ እያለቀሰ ይጫን ነበር።

መርማሪው ሕመማቸውን እያወቅሽ ለምን አላስቆምሽም ብለው ጠየቁኝ። ማስቆም እችል ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ የብስክሌታቸውን መሪ ልይዝ እጄን ዘርግቻለሁ። አዩኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ዓይናቸው ደግሞ አደራሽን ተይኝ ይል ነበር። እጄን መለስኩና አጨበጨብኩላቸው።

ሐሪስፕ የሟችን የልብ ሕመም አያውቅም። እሱ የገፋው ተወዳዳሪ እንጂ በሽተኛ አይደለም። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ከትናንት ጀምሮ የታሰረው ግን እሱ ነው። ይህን ለሊቨ በራሴ አፍ ልነግራት ትናንት ማታም ዛሬ ጠዋትም በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ቃሌ በቋንቋዋ ተጽፎ እንዲሰጣት፣ ጥያቄም ካላት ሐሪስፕን ትታ እኔን እንድትጠይቅ እለምናለሁ።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና እኔው ያደረግሁት ነው። ማንም አላስገደደኝም። ተነቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ፣ እውነት ሆኖም ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ማይሊስ ላቡርዴት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ኦዲሎን ካስቴራ