ማጣሪያው ከሰፈራችን በታች ሲሠራ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ የሰፈራችን ወንዝ ገና ሳይታይ ነበር የሚሸተው። ከላይ ከከተማው የሽንት ቤቱም የእጣቢውም ፍሳሽ ይወርድበታል፣ አልፎም አባያ ሐይቅ ይገባል። እና እኛ ከታች ያለነው ምን እናድርግ? ሙዙን በሱ እናጠጣለን፣ ልብስ በሱ እናጥባለን፣ ቧንቧ ሲጠፋ ደግሞ እንጠጣዋለን። እንጠጣዋለን ስላችሁ! ታዲያ ክረምት በመጣ ቁጥር ተቅማጥ ነው። ልጄ አስቴር ዳዴ የሚል ልጇን ይዛ ልትጠይቀን መጣች፣ እና ልጁ ታመመ፣ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ እንኳ አልወጣው አለ። አዝዬው ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ ግሉኮስ ሰክታለት ስታበቃ፣ «እማማ፣ ልጁ ይድናል፤ ውኃው ካልዳነ ግን ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ» አለችኝ።

ታዲያ ብዙ ሳይቆይ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ቆማ «ከሰፈራችሁ በታች የፍሳሽ ማጣሪያ ልንሠራ ነው» ስትል፣ ይሄ ባለቤቴ ዳና፣ ይኸው ተቀምጧል፣ ይስማ፣ ብድግ አለና በዚያ በዓሣ አስጋሪ ድምፁ፣ «ምን? የከተማውን ሽንት ቤት ሁሉ ሰብስባችሁ ደጄ ላይ? እንግዳስ በየት በኩል ይግባልኝ?» አዳራሹ አጨበጨበለት!

እና እኔ ተነሣሁ። «አንተ ሰውዬ፣ ሽንት ቤቱማ ድሮም ደጅህ ነው! አሁን ቤት ይሠራለት ሲሉ ነው የምትቆጣው?» ወይ ሳቅ! ወይ ሳቅ! «የልጅ ልጅህን እኮ ልንቀብረው ነበር» ስለው ግን ቁጭ አለ።

ተሠራ። ከተማውም ፍሳሹን በቱቦ ወደዚያ ላከው። እንድናይ ስንጠራ ዳና አፍንጫውን በጋቢ ሸፍኖ ገባ። መሐንዲሷ ታዞረናለች፤ መጀመሪያ እንደ ወንፊት ያለ ብረት አለ፣ ጨርቁን ላስቲኩን ይይዛል፤ ከዚያ ገንዳ አለ፣ ዝቃጩ ታች ይተኛል፤ ከዚያ ሰፋፊ ኩሬዎች፣ እዚያ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቆሻሻውን ይበሉታል፣ ፀሐዩም የበሽታውን ጀርም ይገድላል።

«ይበሉታል?» አለ ዳና።

«አዎ አባባ።»

«እና ማነው የሚቀልባቸው?»

«እናንተ ናችኋ! በየቀኑ!»

ጋቢው ከፊቱ ወደቀ፣ እንዴት ሳቀ መሰላችሁ! መጨረሻ ላይ ውኃው ጠርቶ ሲወጣ ሊቀምስ እጁን ሰደደ። «ኧረ አባባ! ወደ ወንዝ ሊለቀቅ ነው እንጂ ለመጠጥ አይደለም!» ብላ እጁን ያዘችው።

ታዲያ ወንዙ ባንዴ አልጸዳም፣ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ሽታው ሄደ። ከዚያ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ዓሣ መታየት ጀመረ፣ እና አንድ ጠዋት ዳና «ቆሮሶ ዓሣ! ከደጃችን ቆሮሶ!» እያለ ሰፈሩን ሲያምሰው፣ እኔ እሳት የተነሣ መስሎኝ ባዶ እግሬን ወጣሁ! አስቴርም አሁን ልጆቿን ሁሉ ይዛ ክረምቱን እኛ ጋ ትከርማለች፣ እግዜር ይመስገን፣ ጤና ጣቢያውን ለክትባት ካልሆነ አናየውም።

ዛሬ ይሄን ሰውዬ ብትሰሙት ማጣሪያውን ያመጣው እሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ና ኩሬያችንን ላሳይህ!» ነው። ኩሬያችን! ምነው ዳና፣ አንተ ነህ እንዴ ያመጣኸው?

«ታዲያ ማን ነው? ስብሰባው ላይ ቀድሞ የተናገረ እኔ አይደለሁም?»

ሰማችሁልኝ? ኪ ኪ ኪ! ስሙልኝ እንግዲህ!