የአምናዋ ምስክር

(በአንዲት የወረዳ ከተማ ገበያ ዳር፣ ልብስ ሰፊዋ እማዋይሽ ሱቋ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፤ አበልጇና የቀበሌው የጤና መድን አስተባባሪ ይርሳው ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ።)

እማዋይሽ፦ አልወጣም አልኩህ እኮ። ሌላ ሰው ፈልግ።

ይርሳው፦ አበልጄ፣ እንግዶቹ የሚመጡት ነገ ጠዋት ነው። አሁን ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ? ደግሞ የጠየቁት አንቺን ነው። ያቺ አምና አዳራሹን ያስለቀሰችው ሴትዮ ትኑር ተብሏል።

እማዋይሽ፦ ዘንድሮ የምናለቅሰው እኛ ነን በላቸው። ተራው ደርሶናል።

ይርሳው፦ ምንም አዲስ ነገር አትጨምሪ። ጋሽ ተሻገር እንዴት እንደታመመ፣ እንዴት እንደዳነ፣ አለቀ። ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም።

እማዋይሽ፦ ውሸትማ አይደለም። እውነት ነው። የአምና ስለሆነ ትንሽ ሻግቷል እንጂ።

ይርሳው፦ ስታሽሟጥጪ ማን ይችልሻል።

እማዋይሽ፦ ማሽሟጠጤ አይደለም። አምና የተናገርኩት ከልቤ ነበር። ተሻገር ወፍጮ ቤት ውስጥ አስሙ ተነስቶበት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በባጃጅ ጭነን ሆስፒታል ወሰድነው። እንዳይሞትብኝ እየጸለይኩ፣ ከዳነ ደግሞ በምን እንደምከፍል እያሰብኩ ነበር የሄድኩት። አልጋውም፣ ኦክስጅኑም፣ መድኃኒቱም በመድኑ ተሸፈነ። ስንወጣ ገንዘብ ያዧ እንኳን ማረው ብላ ሸኘችን። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ይህ መድን ባይኖር ዛሬ ጥቁር ለብሼ ታዩኝ ነበር አልኩ። ማንም አልጻፈልኝም።

ይርሳው፦ እሱን ነው ድገሚልኝ የምልሽ።

እማዋይሽ፦ እደግማለሁ። ግን መጀመሪያ መድኑ አሁን ምን እንደሚሸፍን አስረዳኝ። አስተባባሪ አይደለህ?

ይርሳው፦ ሁሉንም ይሸፍናል። ምርመራውን፣ አልጋውን፣ መድኃኒቱን።

እማዋይሽ፦ ተሻገር በአፉ የሚነፋውንስ?

ይርሳው፦ እሱንም ይሸፍናል።

እማዋይሽ፦ ከየት አገኘዋለሁ?

ይርሳው፦ ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ።

እማዋይሽ፦ እዚያ አለ?

ይርሳው፦ ለጊዜው የለም።

እማዋይሽ፦ ጊዜው ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይርሳው፦ ከሐምሌ።

እማዋይሽ፦ ጥምቀት አለፈ እኮ፣ አበልጄ። ታዲያ የት አለ?

ይርሳው፦ የግል ፋርማሲዎች ዘንድ አይጠፋም።

እማዋይሽ፦ ከእነሱ ብገዛ እንደ ድሮው ገንዘቡን ትመልሱልኛላችሁ?

ይርሳው፦ እሱ ቀርቷል። መመሪያው ተቀይሮ፣ ከውጭ የተገዛ አይመለስም ተብሏል።

እማዋይሽ፦ እንግዲህ የተሸፈነው የለም፣ ያለው አልተሸፈነም። ነገ ወጥቼ የማመሰግነው የትኛውን ነው?

ይርሳው፦ ነገሩን እንዲህ አታጣሚው። ፈንዱ ሊወድቅ ነበር። አንዳንዱ ከፋርማሲ ባለቤት ጋር ተሻርኮ ያልገዛውን ገዛሁ እያለ ያስመልስ ነበር። ሳሙናና ቅባት ሳይቀር በመድኃኒት ስም ወጥቷል። ዝም ቢባል ኖሮ ዛሬ አልጋውም አይኖርም ነበር።

እማዋይሽ፦ ሌባውን መያዝ ሲያቅታችሁ በሽተኛውን ያዛችሁ።

ይርሳው፦ እኔ መመሪያ አላወጣሁም፣ አበልጄ።

እማዋይሽ፦ አውቃለሁ። አንተ ያወጣኸው እኛን ነው፣ ከየቤታችን።

ይርሳው፦ ቢሮ ሄደሽ ለምን አልጠየቅሽም?

እማዋይሽ፦ ሄጄ ነበር። ማን ነግሮህ ነው ያልሄድኩት? ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ጥቅማ ጥቅሙ አልተቀነሰም፣ ተስተካከለ እንጂ አለኝ። ስንት ዘመን ልብስ ሳስተካክል ኖሬያለሁ፣ ተስተካክሎ እጅጌው የጠፋ ቀሚስ ግን ለደንበኛ አስረክቤ አላውቅም አልኩት። ሳቀ። ለውጡ እኮ በማስታወቂያ ተነግሯል አለ። የት ብለው፣ ጠረጴዛው ጀርባ ያለውን ሰሌዳ አሳየኝ። አባሉ በሙሉ እሱ ጀርባ መቆም ነበረበት መሰለኝ።

ይርሳው፦ እሱስ ልክ ነሽ፣ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ መነገር ነበረበት።

እማዋይሽ፦ ቆይ አልጨረስኩም። ሊመክረኝም ሞከረ። ባለቤትሽ ከአቧራ ይራቅ አለኝ። ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው አልኩት። እንግዲያው ከወፍጮ ቤት ይራቅ አለ። ከምግብም ይራቅ ካሉኝ ሁሉንም አንድ ላይ ልንገረው ብዬው ወጣሁ።

ይርሳው፦ አንቺ ደግሞ ምላስሽን ሳታስቀድሚ አትሄጂም። ሰውዬው ተቀይሞሽ ነበር።

እማዋይሽ፦ ከተቀየመኝ ለምን ተናገሪልኝ ይላል?

ይርሳው፦ ዋንጫ አለ። የአባልነት እድሳት ላይ ቀበሌያችን ከወረዳው አንደኛ ወጥቷል። እንግዶቹ ዋንጫውን ሰጥተው፣ ምስክርነት ሰምተው፣ ጤና ጣቢያውን ጎብኝተው ይሄዳሉ። አዳራሹ ተዘጋጅቷል።

እማዋይሽ፦ ዋንጫው በአፍ የሚነፋ ነው?

ይርሳው፦ እባክሽ።

እማዋይሽ፦ የሚነፋ ከሆነ ለተሻገር ይሆነዋል ብዬ ነው።

ይርሳው፦ እሺ፣ ተናደሻል። መብትሽ ነው። ግን አንቺ ካልወጣሽ ሌላ ሰው ይወጣል። ያቺ ምሥራቅ በር ጠጅ ቤት ያላት ሴትዮ ገና ሳትለመን ትመጣለች። ምን ተጠቀምሽ?

እማዋይሽ፦ እሷ ትውጣ። ሰው እሷን አምኖ አይመዘገብም። እኔን አምኖ ነው የተመዘገበው። ዘርትሁንን ታውቃታለህ?

ይርሳው፦ ቃሪያ የምትሸጠዋን?

እማዋይሽ፦ አዎ። አምና ስናገር ከኋላ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ስወርድ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ልጇ ሃይማኖት የሚጥል በሽታ አለባት፤ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት የኖረች ሴት ናት። ለዚህም ይሆናል ወይ አለችኝ። ይሆናል አልኳት። በማግስቱ አንተ ራስህ መዘገብካት።

ይርሳው፦ አስታውሳለሁ። ልጅቷ ኪኒኑን ከጀመረች በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች። በሪፖርታችን ላይም አስገብተናታል።

እማዋይሽ፦ የቀረውንም አስገባው እንግዲያ። ክረምት ላይ ኪኒኑ ከጤና ጣቢያው ጠፋ። ዘርትሁን እየተበደረች ከውጭ ገዛች። ያስመልሱልኛል ብላ ይዛ ስትሄድ ቀርቷል አሏት። ከዚያ ኪኒኑን በቢላ ለሁለት እየከፈለች ትሰጣት ጀመር። ከዚያ አንድ ቀን እየዘለለች። ከዚያ አለቀ። ልጅቷ ለእናቷ ሽሮ ላሙቅ ብላ ምድጃው ጋ ተቀምጣ ሳለ ጣላት። ጎረቤት ጢስ ሸቶት ሲገባ ቀኝ እጇ እሳቱ ውስጥ ነበር።

ይርሳው፦ የሃይማኖት እጅ?

እማዋይሽ፦ ቤቷ ሄድኩ። ይዤ የሄድኩትን ዳቦ ተቀብላ፣ ቁጭ በይ ብላ አጎዛ አነጠፈችልኝ። እኔ ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ከፈለገች ታባርረኝ ብዬ ነው። እሷ ግን ምን አለችኝ መሰለህ? «አንቺ ምን ታደርጊ፣ አንቺም የነገሩሽን ነው የነገርሽኝ።» ልጅቷ እጇ እንደተጠቀለለ ትምህርት ቤት መቼ እንደምትመለስ ትጠይቀኛለች፣ በግራ እጄ መጻፍ እየተለማመድኩ ነው ትለኛለች። ያን ቀን እንዴት ከዚያ ቤት እንደወጣሁ አላውቅም።

ይርሳው፦ ይሄን አልሰማሁም ነበር።

እማዋይሽ፦ ሰሌዳው ላይ ስላልተለጠፈ ነው።

ይርሳው፦ ልክ ነሽ። ውቀሽኝ።

እማዋይሽ፦ ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከእሷ ቃሪያ እገዛለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኝ። ቤቴ ቃሪያ ሞልቷል። ተሻገር ከአስሙ ቢተርፍ በቃሪያው ያልቃል። እና ነገ መድረክ ላይ ቆሜ ምን ልበል? እሷ እኮ ከኋላ ቆማ ትሰማኛለች።

ይርሳው፦ እሷን ነገ እንዳትመጣ ማድረግ ይቻላል።

እማዋይሽ፦ ምን አልክ?

ይርሳው፦ ተይው። አፌ ነው ያመጣው። ስሚኝ አበልጄ፣ መጨረሻ ላይ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አሁን ልንገርሽ። ይኸው ይሄን እይው።

እማዋይሽ፦ በፌስታል ያለው ምንድን ነው?

ይርሳው፦ የጋሽ ተሻገር መድኃኒት። የሚነፋው። ክረምት ድረስ ይበቃዋል። ኃላፊው ነው ስጣት ያለኝ።

እማዋይሽ፦ የለም አላልከኝም አሁን?

ይርሳው፦ አልነበረም። ትናንት መጣ። እንግዶቹ ጤና ጣቢያውን ሲጎበኙ መደርደሪያው ባዶ እንዳይሆን፣ ፋርማሲው ሙሉ ለሙሉ ተሞልቷል።

እማዋይሽ፦ ሲሄዱስ?

ይርሳው፦ ጉብኝቱ ወደሚቀጥለው ወረዳ ያልፋል። መድኃኒቱም ይጫናል።

እማዋይሽ፦ አሃ። መድኃኒቱም እየጎበኘ ነው።

ይርሳው፦ እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

እማዋይሽ፦ የሃይማኖት ኪኒንስ ከጎብኚዎቹ ጋር መጥቷል?

ይርሳው፦ መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ።

እማዋይሽ፦ ይሰጧታል?

ይርሳው፦ እንግዶቹ ሳያዩት አይነካም ተብሏል። ካዩት በኋላ ደግሞ ይታሸጋል። የጋሽ ተሻገር ብቻ ነው የተፈቀደው፤ እሱም ባንቺ ምክንያት። ሰው እንዳይሰማ።

እማዋይሽ፦ ስለዚህ የአባልነት መዋጮዬ ምስክርነቴ ሆነ ማለት ነው። ዘርትሁን ደግሞ መናገር ስለማትችል ልጇ ትቃጠል።

ይርሳው፦ እንዲያ አታድርጊው። ባልሽን አስቢ። ትናንት ወፍጮ ቤት በር ላይ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጆንያ ለመግፋት ሁለቴ አርፏል። ሰላም ስለው ለመመለስ ትንፋሽ እስኪያገኝ ጠበቅኩት። አንቺና ኃላፊው እልህ ስትጋቡ እሱ ይሙት?

እማዋይሽ፦ አምጣው።

ይርሳው፦ ትወጫለሽ?

እማዋይሽ፦ እወጣለሁ።

ይርሳው፦ እግዜር ይስጥሽ። አውቅ ነበር እንደማታሳፍሪኝ። ሦስተኛ ተናጋሪ ነሽ፣ ከኃላፊው ቀጥሎ። ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ።

እማዋይሽ፦ የምናገረውን አትሰማም?

ይርሳው፦ የአምናውን ነዋ።

እማዋይሽ፦ በአምናው እጀምራለሁ። ተሻገር ታመመ፣ መድኑ አዳነው፣ አመሰገንኩ። ከዚያ ይሄን ፌስታል ከፍ አድርጌ አሳያቸዋለሁ። እንግዶቻችን፣ ይህ መድኃኒት ከሐምሌ ጀምሮ ጠፍቶብን ነበር፤ እናንተ ትመጣላችሁ ሲባል ተገኘ እላቸዋለሁ። ስለዚህ አትሂዱብን። ቤት እንሰጣችኋለን፣ ፍራሽ እናነጥፋለን፣ በግም እናርዳለን። ሁላችሁም መቆየት ካልተመቻችሁ አንድ ሁለታችሁን ጤና ጣቢያው በር ላይ ተዉልን። እናንተ ካላችሁ መድኃኒቱ አይሄድም።

ይርሳው፦ ትቀልጃለሽ።

እማዋይሽ፦ ፊቴን እየው።

ይርሳው፦ ያወርዱሻል። ቃል ሳትጨርሺ ነው የሚያወርዱሽ።

እማዋይሽ፦ ያውርዱኝ። ሲያወርዱኝ ሰው ያየኛል። እንግዶቹ ለምን ወረደች ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

ይርሳው፦ እኔንስ? ያመጣሁሽ እኔ ነኝ። ያለችኝ ይቺ ሥራ ናት፤ ልጆች አሉኝ።

እማዋይሽ፦ ልጆችህን አውቃለሁ፤ አንዷን ያነሳኋት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ቀድሜ የነገርኩህ። ከፈራህ አሁኑኑ ሄደህ እማዋይሽ እምቢ አለች በል፤ አልቀየምህም።

ይርሳው፦ መድኃኒቱን መልሺልኝ እንግዲያ።

እማዋይሽ፦ አልመልስም። ባሌ ዛሬውኑ ይነፋዋል። ይሄ የእኔ ነው፣ ከፍዬበታለሁ። ማንም በችሮታ አልሰጠኝም። አልተናገረችም ብለው ከጋሽ ተሻገር ደረት ውስጥ ማውጣት ከቻሉ ይሞክሩት።

ይርሳው፦ አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ።

እማዋይሽ፦ ቁጭ ብለህ የምታስበው ምንድን ነው? ሂድ እንጂ፣ ይመሻል።

ይርሳው፦ ልጅቷ በየትኛው እጅ ነው መጻፍ የጀመረችው አልሽ?

እማዋይሽ፦ በግራዋ።

ይርሳው፦ ስመዘግባት፣ ስሟን ራሷ ነበር የጻፈችልኝ። ጽሕፈቷ ከእኔ ያምር ነበር። እናቷ እንዴት እንደኮራች ብታዪ።

እማዋይሽ፦ አሁን ፊደሉ ይጣመምባታል።

ይርሳው፦ እንግዶቹ ዞረው ኪኒኑን ለማን ሰጣችሁት ብለው ቢጠይቁ፣ ኃላፊው ምን ይል ይሆን?

እማዋይሽ፦ ተስተካክሏል ይላል።

ይርሳው፦ የአዳራሹን ወንበር የማስይዘው እኔ ነኝ፣ አበልጄ። ዘርትሁንን አማክሪያት። ፈቃዷ ከሆነ ሃይማኖትን ይዛ ትምጣ። ከኋላ አይቆሙም፤ ከእንግዶቹ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። የልጅቷን እጅ ግን በነጠላ እንዳትሸፍንብኝ።