ሦስተኛው የስንብት አበባ

«እንዴት ያለ ቀን ወጣልን አርዲስዬ! ትናንት ያ ሁሉ ንፋስ፣ ዛሬ ፀሐይ። ነይ፣ ወንበርሽን ወደዚህ ሳብ አድርጊው፣ አጥሩ እንዳይከልልሽ። የተፈጨ ሥጋ በስጎ ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ በዳቦ ትበያለሽ። ወገብሽስ? ተሻለሽ? እሰይ፣ እሰይ።»

ጆሊን ሃቨርካምፕ ይህን ስትል ድምጿን ከፍ አድርጋ ነበር። ጎረቤቷ አርዲስ ጆሮዋ ደህና ነው። ድምፁ ከፍ ያለው ከፊታቸው፣ ብርድ ልብሷን ጭኗ ላይ ጥላ ለተቀመጠችው ሴትዮ ነው።

ቀኑ በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ የቴኒስ ቡድን ተመራቂዎቹን የሚሸኝበት ነው። ተመራቂው አበባ ታቅፎ፣ በእናትና በአባቱ መሀል ሜዳውን ያቋርጣል፤ ከዚያ በሜዳው የመጨረሻውን ግጥሚያ ይጫወታል። የሚሰለፉት ስድስት ናቸው። የጆሊን ልጅ ኮርቢን ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ሰባተኛ ነው፤ አንድም ቀን ተሰልፎ አያውቅም። ስድስተኛው ቦታ የዚያች ሴትዮ ልጅ ነው። እሱ «ለዛሬ ኮርቢን ይጫወት» ቢል አሰልጣኙ እምቢ አይልም። ጆሊን ይህን ለመለመን አፏ አልታዘዝ ብሏታል። ለአሽሙር ግን መች ሰንፎ ያውቃል!

«አጥሩ ላይ የሰቀሉትን ፎቶ አየሽ? የኔው ዳር ላይ ነው። መሀል ላይ ያለው... አዎ፣ ባለ ጢሙ። ምን የመሰለ ጢም ነው! ባለፈው በር ላይ ሳገኘው "እንደምን ዋሉ አሰልጣኝ" አልኩት እኮ። ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ነው። አሰልጣኙ ለካ በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠው...

«መቼም እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ትምህርት የሚወድ ሰው እንደሱ አላየሁም። ያን የበሽታ ጸደይ ታስታውሺያለሽ? ውድድሩ ሁሉ የተሰረዘ ጊዜ? ልጆቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ እያለቀሱ ወደ ቤት መጡ። ኋላ የስፖርት ማኅበሩ "ያ ዓመት አይቆጠርባችሁም፣ የመጫወት መብታችሁ እንዳለ ነው" አለ። ደግ ፍርድ! እኔ ራሴ አጨብጭቤያለሁ። ለሌላው አንድ ዓመት መለሱለት፤ ለአንዳንዱ ግን ዓመቱ እንደ ሊጥ ኩፍ አለለት መሰለኝ... ለነገሩ ከዚያ በፊትም ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ያልተጫወተባት ዓመት ነበረች፤ እሷም አልተቆጠረችም። ጉልበቱ ግን ክፉ አይንካው፣ ደህና ነው። በሠርጉ ቀን ሲጨፍር አይቼዋለሁ።

«ለኔም ልጅ እኮ ያ ዓመት ተመልሶለታል! እንዴታ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው። ሳይጫወት ያለፈው ዓመት ነዋ የተመለሰለት። ከፈለገ ለከርሞም መጥቶ አለመጫወት ይችላል።»

ሴትዮዋ የቴርሞሷን ክዳን ልትከፍት ጀምራ እጇ ቆመ። ጆሊን አየቻት። ሰማች!

«ኧረ አትሳቂ አርዲስ፣ በናትሽ፣ ሰው ምን ይለናል? ወሬ አይደለም እኮ፣ ጨዋታ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሲሸኝ ኬኩን የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ እንባዬን እየጠረግኩ "መልካም መንገድ" ብዬ በክሬም ጻፍኩበት። አምና ደግሞ ሲሸኝ ጋገርኩ። ዘንድሮ "መልካም መንገድ" ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ... መንገዱ የት ደረሰ ቢሉኝ ምን እላለሁ? እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር ነው ይላሉ። በሦስተኛውስ ምን ነበር የሚሉት? ጠፋብኝ።

«አሁን የያዘው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የአመራር ትምህርት አሉ። ሰው መምራት ቀላል ነገር አይደለም፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ማስቆም አለበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል? ይኼኛው ምን ቸገረው፣ ጎጆው ሞቅ ብሎለታል። ደግሞ ሚስቱ! ምን ያለች ታጋሽ ልጅ ናት! ጠዋት ሥራ ስትገባ ኮሌጁ በር ላይ አውርዳው፣ ምሳውን አስይዛው ነው የምታልፈው። እኔ ለኮርቢን ምሳ መቋጠር ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ሲገባ ነው... ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው።»

ይህን ጊዜ ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ጥላ ተነሣች። አጥሩ ጋ ሄዳ ልጇን ጠራችው። ጆሊን እናትየው በሽቦው በኩል ስታንሾካሹክ፣ እጇን ወደ ኮርቢን ስትጠቁም፣ ደግማ ስትጠቁም አየች። ልጁ ጢሙን አሻሸ። ሳቅ አለ። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀና ራኬቱን እያሽከረከረ ተመለሰ።

አሰልጣኙ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። አንድ፣ ሁለት እያለ አምስት ስም ጠራ። ስድስተኛው የባለ ጢሙ ነበር። ኮርቢን ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ፤ ከዚያ ራኬቱን ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋው። ጆሊን አራት ዓመት ሙሉ ተመላልሳ ያየችው ያንን ዚፕ ሲዘጋ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ፊቷ ቀልቶ ወደ ወንበሯ ስትመለስ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ለኮርቢን ለምናለት ነበር፤ ጆሊን ይህን በዓይኗ አይታለች። ያን ቀን ዝም ብትል ያምርባት ነበር። እሷ ግን ፈገግ አለች፤ ፊቷን ወደ አርዲስ መለስ አደረገች፣ ድምጿም ማር ማር አለ።

«እንግዲህ እንመርቃቸው እንጂ አርዲስዬ፣ የደስታ ቀን አይደል? የኔ ልጅ እንደሆነ በምርቃቱ ማግስት ሥራ ይገባል። ዕቃውን ጭኖ ዴ ሞይን ከተማ ሊሄድ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን እኔ እንግዲህ አለቅሳለሁ... ልጅ አድጎ ሲወጣ እንዴት እንደሚያስለቅስ ታውቂው የለ? የባለ ጢሙን እናት ግን እግዜር ይውደዳት፤ ሺህ ዓመት ያኑራት፤ ያንን ለቅሶስ አንድም ቀን አያሳያት።»